ስለ ፊት ጥርሴ ያጠፋሁት ስም

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። እናቴ ሳትሰማው ሞታለች። የንስሐ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር ቤቴ መጥተው «የቀረ ነገር የለም፣ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ዓይናቸውን እያየሁ «የለም፣ አባቴ» ብያለሁ። በበደሉ ላይ የንስሐ ውሸት ጨመርኩበት ማለት ነው። አሁን ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር ነው። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ሰምታችሁ ስትጨርሱ የሚያዝንልኝ ካለ ገና አልገባውም እላለሁ።

ሰው አልገደልኩም። ግን የአንድን ሰው እንጀራ ቆርጫለሁ፤ የአንዲት ሟችንም ስም ከመቃብሯ አውጥቼ አቆሽሻለሁ። ተሳስቼ አይደለም። አስቤበት፣ ፈልጌ፣ እየጣፈጠኝ ነው ያደረግኩት።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔና ባሌ ይልማ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ይልማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ፊደል ነው የማስቆጥረው። አንደኛ ክፍል ማስተማር ማለት በአፍ መሥራት ማለት ነው። ልጆቹ ሰሌዳውን አያዩም፤ አፌን ነው የሚያዩት። «ሰ» ስል ከንፈሬንና ጥርሴን አይተው «ሰ» ይላሉ። በዚህ እኮራ ነበር። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ፊደል ሲጠሩ ይለያሉ ይባል ነበር።

ከላይኛው የፊት ጥርሶቼ አንዱ በልጅነቴ ወድቄ የተሰነጠቀ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት እየጠቆረ መጣ እንጂ አላመመኝም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት እንደተከፈተ ግን ድንገት ተነሣብኝ። ቅርንፉድ ነከስኩበት፤ አረቄ ያዝኩበት፤ ምንም አልሆነም። ከንፈሬ አብጦ፣ እብጠቱ ወደ ዓይኔ ወጣ። ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ይልማ ደግፎ ወደ ዶክተር ገዛኸኝ ወሰደኝ።

ዶክተር ገዛኸኝ በመንግሥት ሆስፒታል ብዙ ዘመን ያገለገለ የጥርስ ሐኪም ነው። የግል ክሊኒክ መክፈት ሲፈቀድ አስፋልቱ ዳር አንዲት ቤት ተከራይቶ፣ በሩ ላይ ትልቅ ነጭ ጥርስ አስሎ ሥራ ጀመረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዕቃዎቹን ከመቀቀያው ውስጥ በመቆንጠጫ ሲያወጣ፣ እንፋሎቱ ፊቱን ሲሸፍነው አይቻለሁ። ይህን አይቻለሁ። ያየሁትን ነው የካድኩት፤ ይህን ያዙልኝ።

ጥርሴን በቀጭን ብረት ነካ ሲያደርገው ጮህኩ። አንገቱን ነቀነቀና ይልማን ጠርቶ ወደ በሩ ይዞት ወጣ። ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አልተለየልኝም። ትኩሳቱ ጆሮዬን ደፍኖታል። ጥቂት ቆይቶ ብቻውን ተመለሰ።

«መምህር፣ ይነቀል ተብሏል። ማደንዘዣ እወጋዎታለሁ፤ አይፍሩ» አለኝ።

«ተብሏል።» ማን አለ? አልጠየቅኩም። የኔ አፍ፣ የኔ ጥርስ፣ የኔ ሕመም ሆኖ ሳለ፣ ማን እንዳለ አልጠየቅኩም። ያን ዕለት የፈለግኩት እንዲቆምልኝ ብቻ ነበር። ጉጠቱን አስገባ፤ ወዘወዘው፤ ተነቀለ። በጥጥ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሕመሙ ሲለቀኝ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ነው የሆነብኝን ያወቅኩት። «ሰ» ስል በክፍተቱ ነፋስ እያለፈ ያፏጫል። ልጆቹም በታማኝነት አፌን እያዩ ፉጨቱን ደገሙት። ክፍሉ በሙሉ አፏጨ። ያኔ አንዱ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፤ የሚስቅን ልጅ መቆጣት ይቻላል። እነሱ ግን አልሳቁም። ተማሩ። «ሱ» ብዬ አፏጨሁ፤ «ሱ» ብለው አፏጩ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ጠመኔው እጄ ላይ እስኪሰበር ጨበጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወላጅ መጣ። ልጁ እቤት እያፏጨ ያነባል። ዳይሬክተሩ አስጠርተውኝ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው መሬት መሬቱን እያዩ፣ «እስኪሻልሽ ድረስ መጻሕፍት ክፍል ብትሆኚ» አሉኝ። የተነቀለ ጥርስ ይሻለዋል እንዴ? ክፍሌን ለሌላ ሰጡብኝ። አቧራ በለበሱ መጻሕፍት መካከል ተቀምጬ፣ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን የልጆቼን ድምፅ አዳምጥ ነበር።

ጥርስ ላስተክል ብዬ ፒያሳ ሄድኩ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ ረጋ ያለች፣ የምትጠይቅ። አፌን አይታ፣

«ለምን አስነቀልሽው?» አለችኝ።

«አሞኝ ነዋ።»

«እሱማ ያምማል። ግን የፊት ጥርስ ነው፤ ሥሩም አንድ ነው። መግሉ ወጥቶ፣ ሥሩ ተጠርጎ ቢሞላ፣ ኋላም ሽፋን ቢደረግለት ሳይተርፍ አይቀርም ነበር። አማራጭ እንዳለው አልነገሩሽም?»

«አማራጭ» የሚለውን ቃል ያን ዕለት እንደ አዲስ ሰማሁት። አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሥሩን ማሳከም መመላለስ አለው፤ ዋጋውም መንቀል ከሚያስከፍለው ይበልጣል። መንቀል ርካሽ ይመስላል። ባዶውን ለመሙላት ግን ወይ የሚወልቅ ጥርስ ማሠራት ነው፤ ወይ ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኞች ሞርዶ በነሱ ላይ ማሰር ነው። ይኼኛው ሥሩን ከማዳን አብልጦ ያስወጣል። ሁሉንም በየዋጋው ነገረችኝ። አንዱንም የምችልበት ኪስ አልነበረኝም።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አልኳት።

«እሱን እሱኑ ጠይቂው፣ እህቴ» አለችኝ።

ጠይቂው አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ምክር ማን ይሰጠኛል? ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ደረስኩ። በመስኮቱ ሳይ ዶክተር ገዛኸኝ ከአንዲት ታካሚ ጋር ቆሞ ይስቃል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ነጭ ነው። እኔ ከሳቅኩ ወራት ሆኖኛል፤ ስናገር እንኳ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። እዚያው ቆሜ፣ ከንፈሬን ገጥሜ፣ አየሁት። ልትስቅ ነው? በኔ ላይ የፈረድከው አንተ፣ ልትነግረኝ እንኳ ያልበቃሁልህ፣ አሁን ትስቃለህ? በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ያን ዕለት ባንኳኳ ኖሮ ይህን ሁሉ አታነቡም ነበር።

ብዙ አሰብኩ። ልክሰሰው? ማን ይሰማኛል? ልሰድበው? ሰድቤው እቤቴ ስገባ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። የምፈልገው የኔ ዓይነት ነገር እንዲደርስበት ነበር። አፌን ወስዶብኛል፤ እኔም ስሙን እወስድበታለሁ አልኩ። ስም ደግሞ እንደ ጥርስ ነው፤ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይተከልም። ይህን ጠንቅቄ አውቄ ነው የገባሁበት።

ነገር ለመዝራት እንደ ወፍጮ ቤት የሚመች ቦታ የለም። ሞተሩ ስለሚጮህ ሰው አፉን ከጆሮ አስጠግቶ ነው የሚያወራው፤ በጆሮ የተነገረ ነገር ደግሞ ተራ ወሬም ቢሆን ምሥጢር ይመስላል። ጤፍ ይዤ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆሙት እትዬ የሺ ናቸው። እሳቸው የሰሙት ነገር መብራት ኃይል ሰፈር ለመድረስ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

«እትዬ የሺ፣ ጥርስዎን የት ነው የሚታከሙት?»

«ምነው?»

«እዚህ ገዛኸኝ ጋ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ከኔማ የወሰደው ጥርሴን ብቻ ነው። አለሚቱን ያስታውሷታል?»

አለሚቱ እኛ ግቢ ተከራይታ የነበረች ወጣት ናት። ከሞተች ብዙም አልቆየም። የገደላት ኩላሊቷ ነው። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ ሐኪሙ ለእናቷ ሲነግራቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርሷን ግን እዚያ ክሊኒክ አስነቅላ ነበር፤ ሰፈሩም ይህን ያውቃል። ውሸት የሚቆመው አንድ እውነት ተደግፎ አይደል? ያችን ተጠቀምኩባት። የሞተች ሰው መጥታ አትመሰክርብኝም ብዬ መረጥኳት።

«እዚያ ካስነቀለች በኋላ ነው የታመመችው» አልኳቸው። «ጉጠቱን አይቀቅልም። ካንዱ አፍ አውጥቶ ወደ ሌላው ነው።»

እትዬ የሺ ደረታቸውን ያዙ። «ያ በሽታ?»

አዎ አላልኩም። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ «አደራዎን፣ ከእርስዎ እንዳይወጣ» አልኩ። አደራ ማለት ለሁሉም ይንገሩ ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

በዚያ ዘመን የበሽታውን ስም ሰው ደፍሮ አይጠራውም ነበር። በሽተኛ ያለበት ቤት ጽዋ አይነካም፤ ልብስ አይዋስም። እኔ የጣልኩት ክብሪት ደረቅ ሣር ላይ ነው የወደቀው። የኔ ስም ሳይነሣ፣ የተማረ ሰው ነው የተናገረው ተባለ፤ የተማረ ሰው ዝም ብሎ አያወራም ተባለ። ፊደል ባስቆጠርኩበት አፍ የተናገርኩትን ሰው ሁሉ አመነው። ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ቀሩ። በሩ ላይ የተሳለውን ነጭ ጥርስ ጎረምሶች ጥቁር ቀለም ደፉበት። የቀበሌ ጤና ሠራተኞች መጥተው ዕቃውን መርምረው ንጹሕ ነው አሉ። ሰዉ ደግሞ ጉቦ በልተው ነው አለ።

ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። በክሊኒኩ በር ሳልፍ እርምጃዬን ቀነስ አድርጌ ባዶውን አግዳሚ ወንበር አይ ነበር። ዶክተር ገዛኸኝ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ሳገኘው፣ ሰውነቴን የሆነ ሙቀት ይወርረኝ ነበር። አሁን አፍህን ዝጋ፤ አሁን አንተም አትስቅ፤ እለው ነበር በሆዴ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። መጻሕፍት ክፍሉ በር ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። ከስቷል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሥራ አስተጓጎልኩዎት። ሰፈሩ ስለ እኔ የሚያወራውን ሳይሰሙ አይቀሩም።»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ እኔ ጋ ታክመዋል። ዕቃዬ ሲቀቀል አይተዋል። ሰው ያምንዎታል። እድሩ ሲሰበሰብ ተነሥተው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ ነው። ልጆች አሉኝ።»

አስቡት። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጦ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። ያቃጠለውን ሰው ውኃ ሊለምን መጣ። እኔስ ምን አደረግኩ? ደነገጥኩ? አዘንኩ? አላዘንኩም። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«እኔ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልመሰክርም» አልኩት።

«አላዩም?»

«ያየሁት ጥርሴን ነው። እጅዎ ላይ።»

አፌን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «እሱን እንኳ ያን ዕለት ለባለቤትዎ…» ብሎ ጀመረ።

«ስለ ጥርሴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!» ብዬ ጮህኩበት። አንቱታውንም እዚያው ጣልኩት።

ኮፍያውን አደረገና «እሺ፤ ይቅርታ» ብሎ ወጣ። ያን ዓረፍተ ነገር እንዲጨርስ ብተወው ምን ነበረበት? እስትንፋስ የማይሞላ ጊዜ ነበር የሚፈልገው።

ከዚያ ብዙም አልቆየ፤ አከራዩ አስወጣው። ወንበሩንና መቀቀያውን በፒክአፕ ጭኖ ሲሄድ ሰዉ ከየደጁ ቆሞ አየው። የረዳው አልነበረም። ቤቱ ቪዲዮ ማሳያ ሆነ። ወደ ደቡብ ወርዶ በሰው ክሊኒክ ተቀጠረ ሲሉ ሰማሁ።

የአለሚቱ እናት፣ እማማ ድንቄ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ወሬው እሳቸው ጋም ደረሰ። ልጃቸው በዚያ በሽታ ሞተች ከተባለ፣ ያስታመሟት እሳቸው ናቸውና፣ ከእጃቸው የሚገዛ ጠፋ። ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ምንጣፋቸውን ራቅ ራቅ አደረጉ። እማማ ድንቄ ግን ከጧት ጀምረው ይቀመጣሉ፤ ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ይጨማደዳል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሄጄ ያላቸውን ሁሉ ገዛሁ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንቺስ ሰው ነሽ፤ ልጄንም ታውቂያት ነበር፤ እግዜር ስምሽን ይጠብቅልሽ» አሉኝ። ስምሽን! ያን ሽንኩርት እቤቴ ማስገባት አልቻልኩም፤ መንገድ ላይ ለማላውቃት ሴት ሰጠሁት። ያኔ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ገና ይመለስ ነበር። አልተናገርኩም። እሳቸውም አንድ ቀን ከጉልቱ ቀሩ፤ ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።

ዓመታት አለፉ። የሚወልቅ ጥርስ አሠራሁ፤ ክፍሌም ተመለሰልኝ። ፉሪ ቦታ ገዝተን ስለነበር፣ ሁለት ክፍል ሠርተን ገባን። ደስታዬ ግን አልሞተም ነበር። አገኘ የእጁን እያልኩ አጽናናው ነበር ራሴን። ከዚያ ይልማን ጥርሱን አመመው። ራት ላይ ባንድ ጎኑ እያኘከ፣

«እኔስ አላስነቅለውም፤ ሥሩን አሳክመዋለሁ» አለኝ። «ሥሩ የታከመ ጥርስ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።»

«አንተ ደግሞ ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ያ ሰውዬ ነዋ የነገረኝ። ገዛኸኝ። ያንቺ ጊዜ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። «ምን አለህ?»

«ሁለት መንገድ አለው አለኝ። ወይ ይነቀላል፤ ወይ ሥሩ ታክሞ ይተርፋል፤ እሱ ግን መመላለስ አለው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል አለ። ለመምህር የፊት ጥርስ መሣሪያዋ ነው፤ ቀስ እያላችሁ ትከፍሉኛላችሁ ብሎም ነበር። እኔ ግን የዚህ ቦታ ቀብድ ደርሶብኝ… ለሷ ልንገራት ሲለኝም፣ አሟታል፣ አታስጨንቃት አልኩት።»

አታስጨንቃት። እንደ ዘበት ነው የተናገረው፤ ጨው አቀብዪኝ እንደሚባለው። እኔ ግን ግድግዳዎቹን አየኋቸው። የተቀመጥኩበትን ቤት አየሁት። ያ ሰው ተናግሯል። ለምኗል ማለት ይቻላል። የፈረደብኝ ካጠገቤ የሚተኛው ነው፤ የተቀጣው ደግሞ ሊያድነኝ የፈለገው።

ታዲያ ያኔ ተንበርክኬ አለቀስኩ መሰላችሁ? የበደልኩትን ፍለጋ ወጣሁ መሰላችሁ? ቂሜን ከዚያኛው ላይ አንሥቼ በዚህኛው ላይ ነው የጫንኩት። ዕቁብ ወጥቶልኝ ገንዘቡ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር ነበር። ይልማ የሥሩን ሕክምና ዋጋ ጠይቆ መጥቶ «ካንቺ ጋ ይኖር ይሆን?» ሲለኝ፣ «የለም፤ አስነቅለው» አልኩት። ያን ቃል ስናገር አፌ ውስጥ ማር ማር አለኝ።

አስነቀለው። ጥጥ ነክሶ፣ ጉንጩን ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣

«አስካለ፣ ለካ እንዲህ ነው» አለኝ። «ያኔ አንቺን ሳልጠይቅ ላንቺ መወሰን አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። በደም የራሰ ጥጥ አፉ ውስጥ ይዞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አለው። እኔ አጥሚቱን አቀረብኩለትና «ምን አለበት፤ አለፈ» አልኩ። አላለፈም ነበር። ሻንጣውን አላነሣሁለትም። ስለ ገዛኸኝም አልተነፈስኩም። ለሱ የቀለለው ይቅርታ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን ከአፌ አይወጣም?

አሁን በግልጽ ልናገር። ዶክተር ገዛኸኝ ዕቃውን ይቀቅል ነበር። አለሚቱ የሞተችው በኩላሊት በሽታ ነው። ሁለቱንም ያኔውኑ አውቅ ነበር። ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም። ባሌ ስላልነገረኝ ነው አልልም፤ ሐኪሙ እኔን ራሴን ማናገር ነበረበት አልልም። ነበረበት፤ ግን ውሸቴን የፈጠረው ያ አይደለም። አንድ ጥያቄ መጠየቅ የሚችል አንደበት ነበረኝ፤ ጥርስ አልባም ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኔ ለሌላ አዋልኩት።

ይቅር በሉኝ ብዬ ብጨርስ ደግ ነበር። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱንም ልናዘዝ። ዛሬም አልፎ አልፎ ያ ሰው ባዶው ክሊኒክ በር ላይ ብቻውን የቆመበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም፣ ከኀፍረቱ ቀድሞ የሚመጣው ያ የድሮ ሙቀት ነው። ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ይቅርታ ብጠይቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።